ፈቃድ፣ ውዴታ፣ «ይቻላቸዋል»፤ የፈቃደኝነት ቃላት በትርጉም ታሪካችን

ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመለሱ ቃላት ሁሉ ተርጓሚውን እኩል አያስቸግሩትም። የዕቃ ስም ሲሆን ዕቃው ራሱ ምስክር ይሆናል፤ የተሳሳተ ስም ቢሰጠው እንኳ ዕቃውን ያየ ሰው ያርመዋል። የፈቃድና የዝንባሌ ቃላት ግን የሚያመለክቱት በሰው ልቡና ውስጥ ያለውን ነገር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ምስክር የላቸውም። አንድን ነገር መውደድ፣ መፍቀድ፣ በነገሩ መስማማትና እንቢ ሳይሉ መቅረት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው «ዊሊንግ» ከጉጉት ጀምሮ እስከ ዝምታ ድረስ ያሉትን ደረጃዎች በአንድነት ይሸፍናል። የደንማርክኛው «ቪሊ» የዚሁ ቃል ዘመድ በመሆኑ የደንማርክ ተርጓሚ ብዙ አይቸገርም። የአማርኛ ተርጓሚ ግን ከአራቱ አንዱን የመምረጥ ግዴታ አለበት።

በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው የእነዚህን ቃላት ጠባይ ማስረዳትና፣ ምርጫው ሲዛባ ምን እንደሚያስከትል ከታሪካችን ዋና ምሳሌ አንሥቶ ማሳየት ነው። «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ሀ. «ፈቃድ» የተጓዘው መንገድ

በግእዝ «ፈቀደ» ማለት «ወደደ፣ ፈለገ፣ ሻ» ማለት ነው። ድርጊቱ የፈላጊው ነው፤ ከሁለተኛ ሰው ጋር የግድ ግንኙነት የለውም። በአማርኛ ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ከፈላጊው ወደ ሰጪው ተሻግሯል። ዛሬ «ፈቀደ» ስንል በቅድሚያ የሚታየን «እንዲሆን አደረገ፣ አልከለከለም» የሚለው ፍች ነው፤ ይኸውም ለመከልከል ሥልጣን ያለው ሰው ለሌለው ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። በግእዝ የበጎ ፈቃድን ትርጉም ይሸከም የነበረው «ሥምረት» ደግሞ ከቤተ ክህነት ውጭ እምብዛም አይሰማም።

ስሙ «ፈቃድ» ግን የጥንቱንም ሆነ የኋላውን ፍች አብሮ ይዟል። «የእግዚአብሔር ፈቃድ» ስንል የባለቤቱን መሻት ማለታችን ነው። «የንግድ ፈቃድ»፣ «የመንጃ ፈቃድ» ስንል ግን ከባለሥልጣን የሚሰጠውን ወረቀት፣ «የዓመት ፈቃድ» ስንል ደግሞ ሠራተኛው ከሥራ የሚያርፍበትን ጊዜ ማለታችን ነው። «በገዛ ፈቃዱ ሄደ» እና «በፈቃድ ሄደ» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ ስሙ አንድ ሲሆን የመጀመሪያው ማንም ሳያዝዘው መሄዱን፣ ሁለተኛው ግን አስፈቅዶ መሄዱን ይናገራል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ያለ ችግር ይለያል፤ ለባዕድ ተርጓሚ ግን ወጥመድ ነው።

«ውዴታ» ከልብ የሚነሣ ነው፤ ከሥልጣን ጋር አይያዝም። «ስምምነት» የሁለት ወገን ነው፤ «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ በመሆኑ አንዱ የሌላውን መስማቱን ያመለክታል። «እሺታ» ለቀረበ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ልብ መውደዱን አያረጋግጥም። «ፈቃደኛ» የተባለው ቃል የእንግሊዝኛውን «ዊሊንግ» እንዲተካ በቢሮና በጋዜጣ ቋንቋ ተስፋፍቷል። ሆኖም ሕዝቡ ልዩነቱን እንዳልረሳ «የውዴታ ግዴታ» የሚለው የምጸት አባባል ይመሰክራል፤ «ውዴታ» ተብሎ የተጠራ ነገር እንቢ ማለት የማይቻልበት ሲሆን ስሙን በሁለት ቃል ሰጥቶታል።

ለ. የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ

እንዲህ ያለው ልዩነት የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የውጫሌ ውል ያሳያል። ውሉ በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (ግንቦት 2 ቀን 1889 እ.ኤ.አ.) በዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያን መንግሥት ወክሎ በመጣው በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመ ነው። ሃያ አንቀጾች ነበሩት፤ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ፣ የሁለቱም ቋንቋ ጽሑፍ እኩል ሥልጣን እንዲኖረው በ19ኛው አንቀጽ ተወስኗል። በንጉሡ ቤት በአስተርጓሚነት ያገለግሉ የነበሩት ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ናቸው።

የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በዚህ ስፍራ የቆመው የኢጣልያንኛ ግሥ «ኮንሴንቴ» ነው። «ኮንሴንቴ» ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ «አብሮ መሰማት» ነው፤ ስለዚህ አፈጣጠሩ ከእኛ «ተስማማ» ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ቃል በቃል ቢመለስ «ይስማማሉ» ወይም «ይፈቅዳሉ» ያሰኛል።

ሁለቱን ግሦች በሰዋስው ሚዛን እንመዝናቸው። «ይቻላቸዋል» ግላዊ ያልሆነ ግሥ ነው፤ ባለቤቱ «መላላክ» ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ የሚመለከታቸው በተሳቢው ቅጥያ ነው። መንገዱ ክፍት መሆኑን ይናገራል፤ በመንገዱ መሄድ አለመሄድ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ የተተወ ነው፤ ደግሞም ጉዳይ በመጣ ቍጥር ምርጫው እንደገና ይመለሳል። «ኮንሴንቴ» ግን ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውን ባለቤት ያደርጋል፤ ፈቃዳቸውን እንደ ሰጡ ይናገራል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ነገም ይጸናል ወይስ ነገ መልሶ መውሰድ ይቻላል? ግሡ ይህን አይመልስም። የኢጣልያ መንግሥት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው «ኮንሴንቴ» እንኳ «ይገደዳሉ» አለማለቱ ነው። የሮማ ሰዎች መፍቀድን ወደ ግዴታ ሲያዞሩ ከራሳቸው ጽሑፍ አልፈው ሄደዋል።

በጥቅምት 1882 ዓ.ም. መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የፍራንቼስኮ ክሪስፒ መንግሥት በ1885 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን የበርሊን ጠቅላላ ስምምነት 34ኛ አንቀጽ ጠቅሶ፣ 17ኛውን አንቀጽ ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ። ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥበቃ ሥር ናት ማለቱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ግንኙነቱ በኢጣልያ በኩል መሆን ይገባዋል የሚል ሆነ። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ በላኩት ደብዳቤ የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል አለመስማማቱን ገለጹ፤ በወዳጅነት በኢጣልያ መረዳት እንደሚችሉ እንጂ ለዚህ የሚያስገድድ ውል እንዳልገቡ አስረዱ።

ነገሩን ለማስተካከል አንቶኔሊ ተመልሶ ቢመጣም ሌላ የትርጉም ጣጣ ተከተለ። በየካቲት 1883 ዓ.ም. የፈረመበት የአማርኛ ጽሑፍ 17ኛው አንቀጽ ይጸናል የሚል መስሎት ነበር፤ ሲያስመረምረው ግን አንቀጹ መሰረዙን የሚናገር ሆኖ አገኘው፤ በዚህም ድርድሩ ፈረሰ። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። የመጨረሻው ፍርድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተሰጠ።

የታሪክ ሊቃውንት በነገሩ ረዥም ክርክር አድርገዋል። ስቬን ሩበንሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሁለቱን ቋንቋ ጽሑፎችና የአንቶኔሊን አካሄድ በዝርዝር መርምሯል፤ የኢጣልያው ሊቅ ካርሎ ጂሊዮም መልስ ጽፏል። በ1875 ዓ.ም. በተደረገው ውል የሸዋ ንጉሥ ደብዳቤያቸውን በአሰብ ባሉት የኢጣልያ ሹሞች በኩል ወደ አውሮፓ እንዲልኩ መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ «ይቻላቸዋል» የሚለው አነጋገር ከዚያ ከቀደመው ልማድ ጋር ይገጥማል። ማታለል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወዋለን። እኛን የሚመለከተው አንድ ነገር አለ፤ በዚያን ጊዜ ሁለቱን ግሦች ጎን ለጎን አቁሞ የሚያመዛዝን መዝገብ አልነበረም። የኢዘንበርግ መዝገበ ቃላት በ1841 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝኛ ጋር፣ የአንቷን ዳባዲ በ1881 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይኛ ጋር ታትመው ነበር። የኢኛትሲዮ ጉዊዲ ታላቁ የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ግን ሮማ ላይ የታተመው በ1901 እ.ኤ.አ.፣ ከውሉ 12 ዓመት፣ ከዓድዋም 5 ዓመት በኋላ ነው።

ሐ. ሐረርና የቃሉ ዋጋ

የዚህ ታሪክ አንድ ክፍል የሐረር ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ ደጃዝማች (በኋላ ራስ) መኰንን ወልደ ሚካኤል ገዥ ሆነው ተሾሙ። ወደ ኢጣልያ የሄደውን መልእክተኛ ቡድን የመሩትም እሳቸው ናቸው፤ በመስከረም 22 ቀን 1882 ዓ.ም. በኔፕልስ ከተማ ተጨማሪውን ስምምነት ፈረሙ። በዚህ ስምምነት የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲፈቀድ መያዣ የተደረገው የሐረር የጉምሩክ ገቢ ነበር። ስለዚህ በ17ኛው አንቀጽ የነበረው የግሥ ልዩነት የሩቅ ቤተ መንግሥት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በሐረር በሮች ከሚገባውና ከሚወጣው ጭነት ጋር የተሳሰረ ነበር። ከዓድዋ በኋላ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመውን የሰላም ውል የተዋዋሉት ደግሞ ቀደም ሲል በሐረር የኢጣልያ ተጠሪ የነበሩት ዶክተር ቼዛሬ ኔራትሲኒ ናቸው። የውጫሌ ውል ፈጽሞ የተሻረበት ይህ ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው፤ ኢጣልያንኛው ቀረ።

ሐረር ለቃላት ተመራማሪ የምትሰጠው ትምህርት በዚህ አያበቃም። ዛሬ በሐረሪ ክልል ወረዳዎች፣ ለምሳሌ በአቦከር፣ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ሲሆኑ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው መመለሱ የዘወትር ሥራ ነው። አማርኛ በአንዱ «ፈቃድ» ያጠቃለለውን ኦሮምኛ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የራስ መሻት «ፌዺ» ሲሆን፣ ከሌላ የሚገኘው ፈቃድ «ሀየማ» ነው። ዐረብኛም እንዲሁ «ኢራዳ»ን ለመሻት፣ «ኢዝን»ን ለማስፈቀድ፣ «ሪዳ»ን ለልብ ስምምነት ለይቶ ያስቀምጣል።

እንግዲህ አንድ የአማርኛ ቅጽ «ፈቃድዎን ይግለጹ» ቢል የኦሮምኛ ተርጓሚው ዝም ብሎ ሊያልፍ አይችልም፤ ባለጉዳዩ የሚጠየቀው ምን እንደሚሻ ነው ወይስ እንዲደረግበት መፍቀዱን? በጋብቻ መዝገብ፣ በሕክምና ቤት የቀዶ ሕክምና ቅጽ፣ በጥናት ላይ ለመሳተፍ በሚሞላ ወረቀት ልዩነቱ የሰው አካልና የሰው መብት ነው። አማርኛው ሳይለይ የተወውን ኦሮምኛው ለመለየት ስለሚገደድ፣ ጎረቤት ቋንቋ የአማርኛውን ጉድለት የሚያሳይ መስተዋት ይሆናል።

መ. ስለ ዝንባሌ፣ አመለካከትና አቋም

ለእንግሊዝኛው «አቲትዩድ» የምንሰጣቸው አቻዎች በአጭሩ ሊታዩ ይችላሉ። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በመጀመሪያ የሥዕልና የሐውልት ባለሙያዎች የአካልን አኳኋን ይጠሩበት ነበር፤ ወደ ልቡና የተሸጋገረው በኋላ ነው። የደንማርክኛው «ሆልድኒንግ» ም የአካልን አያያዝና የልብን አቋም በአንድነት ይጠራል። አማርኛ ሦስት ምሳሌዎችን ሲጠቀም፣ «አቋም» ከመቆም፣ «አመለካከት» ከመመልከት፣ «ዝንባሌ» ከማዘንበል ወጥተዋል። የቆመ ሰው አቋሙን ያስታውቃል፤ ስለዚህ «አቋም» በግልጽ ለተነገረና ለሚከራከሩለት ነገር ይስማማል። የሚመለከት ሰው ስላየው ነገር በልቡ ፍርድ ይሰጣል፤ «አመለካከት» የዚህ ነው። ያዘነበለ ግን ገና አልወሰነም፤ «ዝንባሌ» ከውሳኔ በፊት ላለው የልብ ስበት ቢጠበቅ ይሻላል። ሦስቱን እያቀያየሩ መጠቀም ያልወሰነውን ሰው እንደ ወሰነ ማስቆጠር ነው፤ ይህም «ይቻላቸዋል»ን «ፈቅደዋል» ብሎ ከማንበብ ጋር ቤተ ዘመድ የሆነ ስሕተት ነው።

ሠ. ለመዝገበ ቃላት የሚበጀው

ከላይ ከተመለከትነው ተነሥተን የፈቃደኝነት ቃላት በመዝገብ ሲገቡ ተመሳሳይ ቃል በመደርደር ብቻ እንዳይፈቱ እናሳስባለን። ለእያንዳንዱ ቃል ሦስት ጥያቄዎች ቢመለሱ ይበጃል። መጀመሪያ፣ ፈቃዱ የማን ነው፤ የአድራጊው ወይስ የአስፈቃጁ? ሁለተኛ፣ እንቢ ማለት የሚችለው ማን ነው? ሦስተኛ፣ ዛሬ እሺ ያለ ሰው ነገ እንቢ ማለት ይችላል? በዚህ ሚዛን «ውዴታ» የአድራጊው ነው፤ እስከ መጨረሻም በእጁ ይቆያል። «ስምምነት» የሁለቱ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሊያፈርሰው አይገባም። «ፈቀደ» የሰጪው ነው፤ መልሶ መውሰድ ይቻል እንደ ሆነ ግን ዐረፍተ ነገሩ ራሱ መናገር አለበት። «ይቻላል» ምርጫውን ሁልጊዜ ክፍት ይተዋል። «ፈቃደኛ» በእነዚህ መካከል ስለሚዋልል፣ መብትና ግዴታ በሚወስን ጽሑፍ ውስጥ ብቻውን ባይቆም ይመረጣል።

ተርጓሚው ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ከምንጩ ጽሑፍ መመለስ ሲያቅተው፣ ለጆሮ የሚጥመውን ቃል መርጦ ከማለፍ ይልቅ ጸሐፊውን ወይም ተዋዋዮቹን መጠየቅ ይገባዋል። የውጫሌው አንቀጽ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለሱ በሁለት ቋንቋ ተፈረመ፤ መልሱ የተገኘው ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ በጦር ሜዳ ነው።