ስንት ወለዱ? ስንቱስ አሉ?

ሐኪም የሚያውቀው በሩ ድረስ የመጣውን በሽተኛ ነው። በመንገድ ላይ ያለፈውን፣ ክርስትና ሳይነሣ የተቀበረውን ሕፃን የሆስፒታል መዝገብ አያውቀውም። ይህን ጉድለት በቅጡ የተረዳሁት ሕክምና ከጨረስሁ በኋላ ለንደን ሄጄ ሥነ ሕዝብ በተማርሁበት ዓመት ነው።

በዚያ የዊልያም ብራስ ስም በየትምህርቱ ይነሣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ብራስ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1955 ናይሮቢ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠርቷል። ልደትና ሞት በማይመዘገብበት አገር የሕፃናትን ሞት በምን እንለካለን? ብራስ ኋላ የሰጠው መልስ እናቲቱን መጠየቅ ነበር፤ ‹‹ስንት ወለዱ? ስንቱስ በሕይወት አሉ?›› ከ20 እስከ 24 ዓመት የሆናቸው እናቶች ከወለዷቸው ልጆች የሞቱት ድርሻ፣ በጥቂት ማስተካከያ፣ ሕፃን ሁለት ዓመት ሳይሞላው የመሞት ዕድሉን ያሳያል፤ ከ30 እስከ 34 ዓመት የሆናቸው ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላው።

ቀመሩን በፈተና ላይ አሳምሬ ጻፍሁ። አያቴ ግን ታፈርሰው ነበር። ስንት እንደወለደች ለጠየቃት ሁሉ መልሷ ‹‹አራት›› ነበር፤ ሰባት መውለዷን የሰማሁት በለቅሶዋ ላይ ነው። የሞተ ልጅ አይቆጠርም፤ ያለውንም መቁጠር አይወደድም (ዳዊት ሕዝቡን ቆጥሮ መቅሠፍት ማምጣቱን ካህናቱ ደጋግመው ነግረውናል)። ዕድሜዋን ስትጠየቅም ‹‹ጣልያን ሲገባ እንስራ አዝዬ ውሃ እቀዳ ነበር›› ትላለች። ቆጣሪ ይህን ወደ ዓመት ሲመልስ 60 ወይም 65 ብሎ ይጽፋል፤ በቆጠራ ሰንጠረዦቻችን ላይ ሕዝቡ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ዕድሜዎች የተከመረው ስለዚህ ነው።

የአገራችን የመጀመሪያው አጠቃላይ ቆጠራ የተካሄደው ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. ነበር። 42 ሚሊዮን ገደማ የሆነው ውጤት ከቀድሞው ግምት በብዙ ሚሊዮን በለጠ። ይሁንና በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪዎች አብዛኛውን የኤርትራና የትግራይ ገጠር አልረገጡም፤ የዚያ ሕዝብ ቁጥር በግምት ገባ። በ1977 ረኀቡ እጅግ ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ ያው ያልተቆጠረው ምድር ነበር። የሟቾቹን ቁጥር አንዱ 400 ሺህ፣ ሌላው አንድ ሚሊዮን የሚያደርሰው ከፊሉ በዚህ ሳቢያ ነው። ካልታወቀ ቁጥር ምን ይቀነሳል?

ከዚያ በኋላ በ1987 እና በ1999 ተቆጠርን። ለ2011 ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ተራዘመ። በ2013 ትግራይ ላይ ጦርነት ሲነሣ በእጃችን የነበረው ቆጠራ 13 ዓመት አልፎት ነበር፤ ስለ ጦርነቱ ሙታን የሚቀርቡት ግምቶችም በመቶ ሺዎች ይራራቃሉ።