የጥይት ረሃብ፦ የአርበኞች መሣሪያ ከሽምብራ ቆሬ እስከ ኮምፒውተር ጨዋታ

ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የጠመንጃው ታሪክ ነው፤ ማን አስመጣው፣ ስንት ገባ፣ የትኛው ንጉሥ ታጠቀው የሚል። ጥይቱ ግን ባለታሪክ ሆኖ አያውቅም። ይህ ቅኝት የአምስት መቶ ዓመቱን መንገድ በጥይቱ በኩል ይከተላል። በ1929 ዓ.ም. በሲዳሞ ተራሮች ፋሺስቶችን የገጠመውን አርበኛ ዕድል የወሰነው በዝናሩ ውስጥ የቀረለት ፍሬ ነውና።

ባሩድ የኢትዮጵያን ታሪክ አቅጣጫ ማስቀየር የጀመረው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1521 ሽምብራ ቆሬ ላይ የአፄ ልብነ ድንግልን ጦር ካሸነፉ በኋላ ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ የቱርክ ነፍጠኞችና መድፎች ወሳኝ ሆኑ። በሌላው ወገን 400 ያህል ፖርቱጋሎች በክርስቶቫዎ ዳ ጋማ እየተመሩ በምጽዋ በኩል ገቡ። ዳ ጋማ ተሸንፎ ተገደለ። ኢማሙም አብዛኞቹን ቱርኮች ካሰናበቱ በኋላ በ1535 ወይና ደጋ ላይ በጥይት ወደቁ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ አንድ ሕግ ጸና፦ ነፍጥ የሚመጣው በባሕር በር ነው፤ ባሕሩን የሚቆጣጠር ደግሞ ባሩዱንም ይቆጣጠራል። በጎንደር ዘመን ማብቂያ ራስ ሚካኤል ስሑል ነገሥታትን የሚሾሙና የሚሽሩ ሰው የሆኑት ትግራይ ለምጽዋ በመቅረቧ ባገኙት ነፍጥ ጭምር ነበር።

ይህን ሕግ ለመስበር የተነሱት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጋፋት ላይ አውሮፓውያንን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ፤ ከመድፎቹ ትልቁ ሴባስቶፖል በብዙ ሺህ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 1860 ግን ከታች የወጣው የእንግሊዝ ጦር በአዲሱ ሰናድር ጠመንጃ እየተኮሰ መጣ። የአገር ውስጥ ሥራው በዚያው ቆመ፤ ቀጣዮቹ ነገሥታት መሣሪያ ያገኙት በስጦታ፣ በግዢና በምርኮ ነው። ዮሐንስ 4ኛ እንግሊዞች ሲወጡ በተዉላቸው መሣሪያ ለዙፋን በቁ፤ በ1868 ደግሞ ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ደምስሰው ረሚንግተን ጠመንጃዎቹን ማረኩ። ምኒልክ ከፈረንሳይ ነጋዴዎች ውጅግራ ገዙ። ገጣሚው አርተር ራምቦም በ1879 ጠመንጃ ጭኖ እንጦጦ ደርሶ ነበር።

የምኒልክን ዲፕሎማሲ ለሚመረምር ሰው ከጠመንጃው ይልቅ የጥይቱ ነገር ያስደንቃል። ንጉሡ ከውጫሌ ውል ጋር ከተያያዘው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር መሣሪያ አስገዙ። ኢጣሊያ ልባቸውን ለማግኘት የላከችውን 2 ሚሊዮን ጥይት ተረክበው በ1885 ውሉን ማፍረሳቸውን ለዓለም አስታወቁ። ብልህ የጦር መሪ የሚታወቀው በዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ነው እላለሁ። የኢጣሊያ ወታደሮች በበኩላቸው አዲሱ ካርካኖ ጠመንጃ እያለ በመጋዘን የተከማቸ ጥይት እንዲያልቅ በሚል አሮጌውን ቬተርሊ ይዘው የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ቆሙ። መድፎቻቸው በሙሉ ተማረኩ።

እስከዚህ የተጓዝነው በሰሜኑ መንገድ ነው፤ ደቡቡ የተለየ ትዝታ አለው። ወደ ሲዳማ ምድር ጠመንጃ በብዛት የገባው በ1880ዎቹ፣ ከመሃል አገር በመጣው ጦር ትከሻ ላይ ነው። ነፍጠኛና ገባር የሚባለው ሥርዓት የቆመው ጠመንጃው በአንደኛው ወገን ብቻ በመኖሩ ነበር። ይህን ሳይጠቅሱ የደቡቡን አርበኝነት መተረክ ታሪኩን ማጉደል ይሆናል። በዚያው ዘመን በየገበያው የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ እያንዳንዱ ፍሬ የሚቆጠር ሀብት ነበር ማለት ነው። ሲዳሞን ለረጅም ጊዜ የገዙት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ የአድዋ መድፈኛ አለቃ ነበሩ፤ በ1929 መጀመሪያ፣ በስተርጅናቸው፣ ለጣሊያን እጅ አልሰጥም ብለው ተዋግተው ሞቱ። የመድፉን ዘመን ከአርበኞች ዘመን ጋር በአንድ ዕድሜ የሚያገናኝ እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ቀጣዩ ምዕራፍ የውልና የእገዳ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1922 የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ እንዲያስገቡ ፈቀደ። የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን አሠለጠኑ፤ በልጅግ የተባለው ጠመንጃም የአዲሱ ሠራዊት ምልክት ሆነ። ነገር ግን ወረራው በተቃረበበት በ1927 እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገኖች መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ኢጣሊያ የራሷ ፋብሪካዎች ስላሏት እገዳው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ነው። የባሕር በሩ ሕግ በጄኔቫ ቋንቋ ተመልሶ መጣ።

ጦርነቱ በመስከረም 1928 ሲጀመር የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ከይርጋለም ተነስተው ወደ ዶሎ ዘመቱ። የኢጣሊያው ጄኔራል ግራዚያኒ ታንክ፣ በጭነት መኪና የሚጓጓዝ መትረየስና አውሮፕላን ነበረው። በጥር ገናሌ ዶሪያ ላይ የደቡቡ ጦር ተፈታ፤ ነገሌም ተያዘች። ሆኖም ትግሉ በዚያ አላበቃም። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ይርጋለም ሰባት ወር ያህል በኢትዮጵያ እጅ ቆየች። ለዚህ ጽናት አንዱ ምክንያት ከኢጣሊያ ጦር የከዱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን አስካሪዎች ናቸው፤ ወደ ራስ ደስታ ሲመጡ ጠመንጃቸውንም የሠለጠነ እጃቸውንም ይዘው ነበር። ይርጋለም በኅዳር 1929 ስትወድቅ ራስ ደስታ፣ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪና ደጃዝማች በየነ መርዕድ ወደ አርቤጎና ደጋ አፈገፈጉ። ከዚያም በከበባ ውስጥ እየተዋጉ ወደ ጉራጌ አገር ዘለቁ። የመጨረሻው ትልቅ ግጥሚያ በየካቲት ጎገቲ ላይ ሆነ፤ ደጃዝማች ገብረ ማርያም በውጊያ ወደቁ፣ ራስ ደስታ ተይዘው የካቲት 17 ቡታጅራ አጠገብ ተረሸኑ።

የመደበኛው ጦር ዘመን በዚህ ተዘግቶ የሽምቅ ውጊያው ዘመን ተከፈተ፤ የጥይት ረሃብ ከምንጊዜውም የከፋውም ያኔ ነው። በአንድ የአርበኛ ጓድ ውስጥ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግና ካርካኖ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ በልጅግ 7.92፣ ካርካኖ 6.5። ውጅግራ አንድ ፍሬ ብቻ ይጎርሳል፤ ሲተኮስም ጭሱ የተኳሹን ቦታ ያሳብቃል። ስለዚህ የጠላት ጥይት የማረከ አርበኛ እንዲጠቅመው ጠመንጃውንም መማረክ ነበረበት። የካርካኖ ጥይት በስድስት በስድስት ታቅፎ የሚገባ በመሆኑ ማቀፊያው ከጠፋ ተዋጊው አንድ በአንድ ለማጉረስ ይገደዳል፤ ከዚህ ያለፈውን ዝርዝር ለባለሙያ እተዋለሁ። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ ዓመታት የዘለቁት ዋናው መጋዘናቸው የጠላት ምሽግ ስለነበረ ነው። ሌላው ምንጭ ከተማ ውስጥ ነበር። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች በጣሊያን አፍንጫ ሥር ጥይትና መረጃ ወደ ጫካ ያሻግሩ ነበር። እኔ ለእነዚህ ሰዎች የምሰጠው ቦታ ከተኳሹ ቦታ አያንስም፤ ያለ እነርሱ የተኳሹ ቃታ ባዶ ነበር።

በ1933 ዕጣው ተገለበጠ። በስተደቡብ ከኬንያ የተነሱት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ፣ የሐይቆቹን አካባቢ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ነጻ አወጡ። ሻሸመኔ በግንቦት 6 ተያዘች። ከአምስት ቀን በኋላ ቁሊቶ ላይ፣ በብላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ከኬንያ የመጣው ሳጅን ናይጀል ሊኪ የጣሊያን ታንክ ላይ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ በሽጉጥ ተኮሰ፤ በኋላም ሌላ ታንክ ሲያሳድድ ጠፋ። ከሞቱ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። በዚያን ጊዜ ሐዋሳ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ የተቆረቆረችው በ1952 ነው። የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫነትም በኋላ ከይርጋለም ወደ እርሷ ተዛወረ። ከነጻነት በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የአሜሪካውን ኤም 1 ጠመንጃ ታጠቀ፤ በደርግ ዘመን ክላሽ ሁሉንም ተካ፤ የአርበኞቹ ጠመንጃ የግድግዳ ጌጥና የሙዚየም ዕቃ ሆነ።

ሆኖም እነዚያ ብረቶች በሌላ ዓለም ተመልሰው ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ‹ሜዳል ኦፍ ኦነር፦ አንደርግራውንድ› አንዲት ፈረንሳዊት የውስጥ አርበኛን ባለታሪክ አደረገ፤ በ2009 ‹ዘ ሳቦተር› ፓሪስን፣ በ2018 ‹ባትልፊልድ 5› የኖርዌይን ተቃውሞ አሳዩ። ካርካኖም በ‹ባትልፊልድ 1› እና በ‹አይሶንዞ› አለ፤ የሚተኮሰው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባሮች ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ አርበኛ የሚመራው ስመ ጥር የተኩስ ጨዋታ እስካሁን አላየሁም። ለኢትዮጵያ የራሷን መንገድ የሰጣት ‹ኸርትስ ኦፍ አየርን 4› በ2022 ባወጣው ቅጥያ ነው፤ እርሱም የካርታና የስንቅ ጨዋታ እንጂ የቃታ አይደለም።

የተኩስ ጨዋታዎቹ አንድ እውነት ጠብቀዋል፦ ተጫዋቹ የወደቀውን ጠላት ጠመንጃ አንስቶ ይቀጥላል፤ አርበኛውም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የሳቱት ጥይቱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ተረፍ እያለ ከየጥጉ ይገኛል። የይርጋለምን ሰባት ወራት በጨዋታ ሊሠራ የሚነሳ ሰው ተጫዋቹን በውጅግራና በአንድ እፍኝ ጥይት ማስጀመር፣ ከከዱት አስካሪዎች መማር እንዲችል ማድረግ፣ ከከተማ የሚመጣውን የውስጥ አርበኛ መልእክተኛ በሕይወት የማቆየቱን ኃላፊነት ለእርሱ መስጠት ይኖርበታል። ሠሪዎቹን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ታሪክንም ኮምፒውተርንም ያስተምራል፤ ይርጋለም ደግሞ ከከተማዋ ከ50 ኪሎ ሜትር አትርቅም።