ከጠገራ ብር እስከ ጉትቻ፤ ስለ አንጥረኞች የቤት ውስጥ ሥራ አጭር ጥናት

ስለ ኢትዮጵያ ገንዘብ ታሪክ የተጻፉት ጽሑፎች በአብዛኛው የሚተርኩት ብሩ በየት በኩል እንደ ገባ፣ በስንት እንደ ተመነዘረና ማን እንዳስቀረጸው ነው። ከገበያ ወጥቶ ወደ አንጥረኛ ምድጃ የገባው ብር ግን ከታሪክ ጸሐፊው ዓይን ይሰወራል። እኛ በዚህ ጥናት ልንከተለው ያሰብነው ይህንኑ የተሰወረውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ጠገራ ብር ቀልጦ፣ ሽቦ ሆኖ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ በሴት ጆሮ ላይ እስኪንጠለጠል ድረስ ያለውን ነው።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ገበያተኛው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየተመለከተ ይመረምር ነበር። ገንዘቡ ሚዛንም ነበረ፤ ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነውና። ስለዚህ ጉትቻ ያሠራች ሴት የሰጠችውን ብርና የተቀበለችውን ጌጥ በአንድ ሚዛን ልታስተያይ ትችል ነበር። በቋንቋችን ማዕድኑም ገንዘቡም ‹‹ብር›› መባላቸው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ምድጃው እንግባ። አንጥረኛ የሚለው ቃል ከ‹‹አነጠረ›› የወጣ ነው፤ ቅቤ የሚነጠርበት ግሥ ማለት ነው። (ቅቤ ሲነጠር ያላየ ተማሪ ቢኖር እናቱን ይጠይቅ።) በሁለቱም ሥራ እሳቱ ጥሩውን ከጉድፉ ይለያል። ጥሩ ብር ሊቀልጥ 962 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ መዳብ የተቀላቀለበት ጠገራ ብር ግን 780 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስና መቅለጥ ይጀምራል። ይህ ልዩነት ትንሽ አይምሰለን። በጭቃ ምድጃ፣ በከሰልና ልጅ በሚነፋው የቆዳ ወናፍ ሥራው በመኖሪያ ቤት ሊከናወን የቻለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቀለጠው ብር በጠባብ ቦይ ፈስሶ ዘንግ ይሆናል። ዘንጉ በመስፍ ላይ እየተገላበጠ ይቀጠቀጥና ይቀጥናል፤ ከዚያም በየመጠኑ በተበሳ የብረት ሰሌዳ ከሰፊው ቀዳዳ ወደ ጠባቡ እየተሳበ ሽቦ ይሆናል። እኛ እንዳሰላነው ከአንድ ጠገራ ብር አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ቢሳብ፣ በሞረድና በእሳት የሚጎድለው ሳይቆጠር፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። የአንድ ቤት ሴቶችን ሁሉ ጆሮ ለማስጌጥ ይበቃል ማለት ነው።

ሽቦውን ወደ ጉትቻ መለወጥ ግን ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ይጠይቃል። ብር በተመታ ቍጥር ይጠነክራል፤ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ባለ እጁ ጥቂት መትቶ ወደ እሳት ይመልሰዋል፤ ደብዘዝ ያለ ቅላት ሲያሳይ አውጥቶ ያቀዘቅዘዋል፤ ለስልሶ ሲያገኘው እንደ ገና ይመታዋል። እሳቱን የሚለካው በዓይኑ ብቻ ስለ ሆነ ቀን ቤቱን ጨለም ማድረጉ ይጠቅመዋል። በጆሮ ቀዳዳ የሚገባው ጫፍ ቀጭንና ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ከታች የሚታየው ክፍል ብቻ ጠፍጠፍ ይላል። የመጨረሻዎቹ ምቶች ደግሞ ቅርጹ እንዳይላላ ሆን ተብሎ ያጠነክሩታል። በጉትቻው ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የተደረደሩት ድብልብሎች ሌላ ጥበብ ናቸው፤ ቁርጥራጭ ሽቦ በከሰል ላይ ሲቀልጥ ራሱን በራሱ ያድበለብላልና። እነርሱን የሚያጣብቀው ከጉትቻው ቀድሞ የሚቀልጥ፣ መዳብ የበዛበት ብር ነው። ሙቀቱ ጥቂት ካለፈ የቀኑ ድካም ሁሉ አንድ ጉብታ ሆኖ ይቀራል።

ይህን የሚያህል ዕውቀት የነበረው ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበረው ቦታ ምን ነበር? ‹‹ጠቢብ›› ከሚለው ቃል ጋር የሚዛመደው ‹‹ጠይብ›› ስድብ ሆኖ ኖረ፤ ‹‹ቡዳ›› የሚል ሐሜትም ተጨመረበት። ነገሩ በብረት ቀጥቃጩ ላይ ይብስ ነበር፤ በጎንደር አካባቢ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤል ይህን መራራ ጽዋ ጠጥተዋል። ወርቅና ብር ሠሪው ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን ስለሚሠራ ከፍ ያለ ግምት ቢያገኝም ከሐሜቱ ፈጽሞ አላመለጠም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። እንደ እኛ አስተያየት እዚህ ላይ የሚያስገርመው፣ በአንድ በኩል የማትበላሸዋን የክፉ ቀን ሀብት በጆሮና በአንገት ላይ አኑሮ መኖር፣ በሌላ በኩል ያን ሀብት የሠራውን እጅ መፍራት ነው።

ጉትቻና አልቦ፣ አምባርና ድሪ ጌጥ ብቻ አልነበሩም። ባንክ ባልነበረበት ዘመን (የአቢሲኒያ ባንክ የተቋቋመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ነው) ሴቲቱ በራሷ ላይ ይዛው የምትዞረው ገንዘብ ነበሩ። ችግር ሲመጣ ይሸጣሉ፤ ልጅ ስትዳር ቀልጠው በአዲስ መልክ ይሠራሉ።

ለታሪክ አጥኚው መከራ የሚሆነውም ይኸው መቅለጥ ነው። የአንድ ጉትቻ ብር ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ጌጥ እንደ ነበረ ማን ያውቃል? ገንዘቡም ቢሆን ዓመቱን አይነግረንም። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በስማቸው ያወጡት ብር በጥራቱ ከጠገራው ጋር የሚለያየው ከሺህ በሁለት እጅ ብቻ ነው፤ ሕዝቡም የለመደውን ጠገራ አልተወም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ሙሶሊኒ የጠገራውን መምቻ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም አስመታ፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተከተሉ። ሁሉም 1780 የሚል ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወጣ በኋላ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ሲሄድ አንጥረኛው ዋና ወራሹ ሆነ።

ስለዚህ አንድን ጉትቻ አንሥተን ‹‹የመቶ ዓመት ነው›› ብንል ብሩን መርምረን ልናረጋግጥ አንችልም። የሚሻለው ሥራውን መመርመር ነው፤ ሽቦው በሰሌዳ ተስቧል ወይስ በመዶሻ ብቻ ቀጥኗል? የመጣበቂያው ብር በንጽሕና ፈስሷል ወይስ ተዝረክርኳል? የመዶሻው ምት ወደ የት ያዘነብላል? የአንዱ ቤት እጅ ከሌላው ቤት የሚለይበት ምልክት በእነዚህ ውስጥ አለ። በየቤተ መዘክሩ ያሉት መስቀሎችና ጌጦች የመጡበት አገር ሲጻፍ የሠሪው ስም ግን ብዙውን ጊዜ አይገኝም፤ ጌጡን ከእናታቸው የወረሱ ሴቶች ካሉ ግን ማን እንደ ሠራው ያስታውሱ ይሆናልና ጥያቄው በቶሎ ለእነርሱ መቅረብ ይገባዋል።