ሞተሩ ተፈቶ ይወጣል፤ ሊብሬውስ?

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ሲነገር፣ ክርክሩ ሁሉ የዞረው ገና ከወደብ በሚመጣው ተሽከርካሪ ላይ ነበር። አገር ውስጥ ስላለው የተባለው ጥቂት ነው። ሻሲው ያልዛገ፣ ጎማውና ፍሬኑ ደህና የሆነ፣ ሞተሩ ግን አርጅቶ ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ሳይክል ዕጣው ምንድን ነው? ባለቤቱ ለዕቃ ማድረሻ የሚጠቀምበት፣ የቤተሰብ ቀለብ የሚወጣበት ሊሆን ይችላል።

አንዱ መልስ የቤንዚኑን ሞተር ፈትቶ ማውጣትና በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ መግጠም ነው። ነገሩ ለብዙዎች አዲስ ፈሊጥ ይመስላል። ታሪኩ ግን ከቤንዚን መኪና ራሱ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1881 ፈረንሳዊው የፈጠራ ሰው ጉስታቭ ትሩቬ በፓሪስ ጎዳና ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ነድቶ አሳየ። ብስክሌቱን እሱ አልሠራውም። በእንግሊዝ አገር የተሠራ፣ በእግር የሚዘወር ነበር። ትሩቬ ያደረገው የራሱን ትንሽ ሞተርና ባትሪ መግጠም ነው። ካርል ቤንዝ ለመኪናው የፈጠራ መብት የጠየቀው ከዚያ በኋላ፣ በ1886 ነው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ታሪክ እንግዲህ በመቀየር፣ ያለውን ዕቃ ለሌላ ኃይል በማመቻቸት ጀመረ ማለት ይቻላል።

በ1899 ቤልጅየማዊው ካሚል ዤናትዚ በኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሄድ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ታዲያ ኤሌክትሪክ ለምን ተሸነፈ? ምክንያቱ ክብደት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን 12 ሺህ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይይዛል። አንድ ኪሎ የእርሳስ ባትሪ ግን የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በ1912 ደግሞ የቻርልስ ኬተሪንግ የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ሲገጠም፣ የቤንዚን ሞተርን በእጅ እያሽከረከሩ የማስነሳቱ ጣጣ ቀረ። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ብልጫም አብሮ ቀረ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ችግር በቅቤ ያስበላል እንደሚባለው፣ ነዳጅ በጠፋ ቁጥር እየተመለሰ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በጀርመን በተያዘችው ብራስልስ ለሲቪል የሚሆን ቤንዚን ሲጠፋ ሶኮቬል የተባለው ድርጅት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ሠርቶ ሸጠ። ጦርነቱ አልፎ ቤንዚን ሲመለስ ኤሌክትሪኩ ተረሳ።

ቀጥሎ የመጣው የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። ይህን ቀውስ ኢትዮጵያ በደንብ ታውቀዋለች። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የመምህራኑና የወታደሩ ጥያቄ ከዚያ ጋር ተደራርቦ፣ ወሩ ሳያልቅ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ፣ በ1967 በተመሠረተ የኤሌክትሪክ መኪና ማኅበር ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች በየቤታቸው ጋራዥ አሮጌ መኪና እየፈቱ፣ ከአውሮፕላን የተረፈ ሞተርና የእርሳስ ባትሪ ይገጥሙ ነበር። አንዱ አገር በነዳጅ መንግሥት ሲናወጥበት፣ ሌላው አገር ባለሙያ በመፍቻ መልስ ይፈልግ ነበር። ባትሪው ግን አሁንም ከባድ ነው፤ ነዳጁ ሲረክስ እነሱም ተበተኑ ባይባልም ብዙ አልተከተላቸውም።

ሚዛኑ የተለወጠው በ1991 የሊቲየም ባትሪ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ነው። በቻይና ብዙ ከተሞች የቤንዚን ሞተር ሳይክልን ሲከለክሉ ሕዝቡ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። ከዚያ ገበያ የተነሳ ሞተሩም፣ መቆጣጠሪያው (ኮንትሮለሩ) ም፣ ባትሪውም በየአገሩ ተራ ዕቃ ሆነ። የዛሬው የቤት ውስጥ ሥራ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሞተሩ፣ ካርቡሬተሩ፣ ማርሚታውና የቤንዚን ታንከሩ ይወጣሉ። በኋላ ጎማ ውስጥ የሚቀመጥ ወይም በሰንሰለት የሚያሽከረክር የኤሌክትሪክ ሞተር ይገባል። ባለ72 ቮልትና 40 አምፒር ሰዓት ባትሪ 2.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ቀላል ሞተር ሳይክል በከተማ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ይበላል ቢባል፣ አንድ ሙሌት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዳል። የቤንዚን ሞተር ከጠጣው ጉልበት አብዛኛውን በሙቀት ያባክናል፤ የኤሌክትሪኩ አብዛኛውን ወደ ጎማ ያደርሳል።

አደጋው ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የባትሪውን ሴሎች የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ካልተገጠመ፣ ገመዱ ከቀጠነ፣ ማያያዣው ከላላ ወይም ውኃ ከገባው እሳት ይነሳል። የሊቲየም እሳት ደግሞ በቀላሉ አይጠፋም። ባትሪው ያለ ቦታው ከተቀመጠ የሞተር ሳይክሉ ሚዛን ይዛባል፣ ፍሬኑም ላልታሰበለት ክብደት ይጋለጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ ጥያቄው የቴክኒክ ብቻ አይደለም፤ የመንግሥትም ነው። ሁለት አገሮች ሁለት ትምህርት ሰጥተዋል። ሩዋንዳ በ2019 የሞተር ታክሲዎቿን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ማሰቧን በፕሬዚዳንቷ አፍ ተናገረች። በኪጋሊ አዳዲስ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ብቻ ሳይሆኑ ተቀይረው የተሠሩ አሮጌዎችም ወደ መንገድ ወጡ። ባዶ ባትሪ ሰጥቶ የሞላ የሚወሰድባቸው ጣቢያዎችም ተከፈቱ። ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ በኪጋሊ ለታክሲ ሥራ አዲስ የሚመዘገበው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ኢንዶኔዥያ በ2023 ለእያንዳንዱ ለሚቀየር ሞተር ሳይክል 7 ሚሊዮን ሩፒያ ድጎማ መድባ፣ በዓመቱ 50 ሺህ ለመቀየር አቀደች። ውጤቱ ከዕቅዱ ጋር የሚቀራረብ አልነበረም፤ በኋላም ድጎማውን ወደ 10 ሚሊዮን ከፍ አደረገች። ገንዘብ ብቻውን ሰውን አያንቀሳቅስም። ፈቃድ ያለው ጋራዥ ሩቅ ከሆነ፣ ወረቀቱ ከረዘመ፣ ከድጎማው በኋላም ወጪው ከአዲስ ዋጋ ብዙ ካልራቀ ባለንብረቱ አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል።

ኢትዮጵያስ? ከውጭ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ማበረታቻ ተሰጥቷል፤ ተበታትኖ ለሚመጣው ነፃ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ለተሠራው 15 በመቶ። ይህ ስሌት የታሰበው ለሙሉ ተሽከርካሪ ነው። አንድ የሰፈር መካኒክ ለአሮጌ ሞተር ሳይክል የሚያስመጣው ሞተርና ባትሪ ከየትኛው ረድፍ ይገባል? ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥር ከተፈታው ሞተር ጋር ሲወጣስ፣ ባለቤቱ በቦሎ ጊዜ ምን ያሳያል? ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመውስ? የአዲስ አበባ ሞተረኞች በሰኔ 2011 ዓ.ም. የሞተር ሳይክል እገዳ ሲወጣ፣ ሥራቸው በአንድ ውሳኔ ሊቆም እንደሚችል አይተዋል። ወረቀቱ ባልጠራ ነገር ላይ ያጠራቀሙትን ገንዘብ እንዲያፈሱ መጠበቅ አይቻልም።

አዲስ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል መግዛት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አቅም ላለው እውነት ነው። አዲሱ ግን በውጭ ምንዛሪ ሙሉውን ይመጣል። ሲቀየር ሻሲው፣ ጎማው፣ ፍሬኑና መብራቱ እዚሁ ያለ ሀብት ነው፤ የመካኒኩም እጅ ሥራ ያገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያ ኃይል ወደ ሞተረኛው ጎማ እንዲደርስ ከተፈለገ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ለተቀየረ ተሽከርካሪ ግልጽ የቴክኒክ ደረጃ፣ ባትሪና ፍሬን የሚፈትሽ ምርመራ፣ ሥልጠና ወስዶ በስሙ የሚጠየቅ ጋራዥ፣ እና አዲሱን የሞተር ቁጥር የሚመዘግብ መስኮት። እነዚህ ከሌሉ ሥራው አይቀርም፤ በጓሮ፣ በቀጭን ገመድና ያለ ተጠያቂ ይቀጥላል።