ጠለፋ
ጠለፋ ሴትን ያለ ፈቃዷ ለማግባት በኃይል ወይም በማታለል መውሰድ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሕግና ልማዳዊ ሥነ ምግባር በጉልህ ከተለያዩባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። በልማዱ ጠላፊው ለቤተሰቧ ሽማግሌ ይልካል፤ ካሳ ተከፍሎ እርቅ ሲወርድ ጋብቻው ይጸናል። መመዘኛው የቤተሰብ ክብር እንጂ የሴቲቱ ፈቃድ አልነበረም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ተበዳይዋ ጠላፊውን በፈቃዷ ካገባችና ጋብቻው ካልፈረሰ ክሱ ይቀር ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሴት ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ መሠረተ፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን ከለከለ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ከጠለፋው በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም። በዚህም ሕጉ ለእርቅ ይሰጥ የነበረውን ቅድሚያ ለግለሰብ ፈቃድ አስተላልፏል።