ድርጊቱ ምን ተብሎ ተመዘገበ? ፀረ ድባቴ መድኃኒቶችና ራስን የማጥፋት ሥጋት በጤና መረጃ ታሪክ ውስጥ



ዛሬ የማነሣው ታሪክ የሚጀምረው በስድስት ሰዎች ነው። በ1990 (ዘመኑን ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ማርቲን ታይቸርና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በቅርቡ እንዲህ ያለ ሐሳብ ያልነበራቸው ስድስት ሕሙማን፣ ፍሉኦክሴቲን ወይም በንግድ ስሙ ፕሮዛክ የተባለውን ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከጀመሩ ከሁለት እስከ ሰባት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርቱ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንደያዛቸው የሚገልጽ ነበር።

ስድስት ሰው ማስረጃ ነው ወይስ አጋጣሚ? ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ድባቴ ራሱ ሰውን ወደ ሞት ሐሳብ የሚገፋ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም የሚሰጠው በዚሁ ሕመም ለተያዘ ሰው ነው። መድኃኒቱን የወሰዱትን ካልወሰዱት ጋር ብናነጻጽር በወሰዱት ዘንድ ብዙ ሙከራ መገኘቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ጥፋተኛው ሕመሙ ይሁን መድኃኒቱ ንጽጽሩ አይነግረንም። በ1991 የአምራቹ ኩባንያ ባለሙያዎች 3,065 ሕሙማን የተካተቱባቸውን 17 ጥናቶች በአንድነት መርምረው መድኃኒቱ ሥጋቱን እንደማይጨምር ጻፉ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሰበሰበው የአማካሪዎች ጉባኤም አሳማኝ ማስረጃ የለም አለ። ነገሩ ለአሥር ዓመት ያህል የተዘጋ መሰለ።

እንደገና የከፈተው በአንድ ዓምድ ላይ የሰፈረ ስያሜ ነው። ፓሮክሴቲን በተባለው መድኃኒት ላይ በልጆችና በታዳጊዎች የተደረጉ ጥናቶች ለባለሥልጣናት ሲቀርቡ፣ ከራስ ማጥፋት ጋር የተያያዙ ክስተቶች «የስሜት መዋዠቅ» በሚል ርዕስ ሥር ተመድበው ነበር። አንባቢው ይህን ስያሜ ሲያይ የሚያስበው የሚያለቅስ ወይም የሚቆጣ ልጅ ነው። ገምጋሚዎች ግን ከስያሜው ሥር ያለው ዝርዝር እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። በ2003 የብሪታንያ ባለሥልጣናት ፓሮክሴቲን ከ18 ዓመት በታች ላሉ የድባቴ ሕሙማን እንዳይታዘዝ አስጠነቀቁ።

በአሜሪካ የመድኃኒት አስተዳደሩ ባልደረባ የነበረው አንድሩ ሞሾልደር መረጃውን መርምሮ ሥጋቱ እውነተኛ ነው ከሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ፤ ነገር ግን በ2004 መጀመሪያ በተደረገው የአማካሪዎች ስብሰባ መደምደሚያውን እንዲያቀርብ አልተፈቀደለትም። የአለቆቹ ምክንያት ክስተቶቹ በአንድ ወጥ መለኪያ አልተመደቡም የሚል ነበር። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። አንዱ ሐኪም ሙከራ ያለውን ሌላው አደጋ ሊለው ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት ዳግም ምደባውን መጠበቅ ተገቢ ነበር፤ የገምጋሚውን ድምፅ ከጉባኤው ማስቀረት ግን ሌላ ነገር ነው። ወላጆች በዚያ ወቅት ለልጆቻቸው መድኃኒቱን ይቀበሉ ነበር።

ዳግም ምደባውን የሠራው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰበ የባለሙያዎች ቡድን ነው። ልጁ መድኃኒቱን ይውሰድ ማስመሰያውን ክኒን ይውሰድ ሳያውቁ፣ የእያንዳንዱን ክስተት ትረካ እያነበቡ እንደገና ሰየሙት። ከ4,400 በላይ ልጆች ከተሳተፉባቸው 24 ጥናቶች የተገኘው ውጤት ይህ ነበር፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ድርጊት የታየባቸው 4 በመቶ ያህል፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 2 በመቶ ያህል ነበሩ። በጥናቶቹ ውስጥ ሕይወቱ ያለፈ አንድም ልጅ አልነበረም። በኦክቶበር 2004 በጥቁር ሣጥን የተከበበው ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲታተም ታዘዘ። በ2007 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች ተዘረጋ፤ ወደ 100,000 የሚጠጉ አዋቂዎች መረጃ ሲመረመር ግን ከ65 ዓመት በላይ ባሉት ዘንድ ሥጋቱ ቀንሶ ታየ። ያው የመድኃኒት ክፍል በዕድሜ ፊቱን ይቀይራል። (ከመካከላችሁ መድኃኒቱን የሚወስድ ቢኖር፣ ይህን ሰምቶ ሐኪሙን ሳያማክር በድንገት እንዳያቋርጥ አደራ።)

ከስያሜው ሌላ የቀኑ ጉዳይ አለ። ግሪጎሪ ሳይመንና ባልደረቦቹ በ2006 ያወጡት ጥናት 65,103 ሕሙማን በአንድ የጤና መድን ድርጅት መዝገብ የተከታተለ ነው። መዝገቡ መድኃኒት የተሰጠበትን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የሆነውንም ይዟል። የሙከራዎቹ ቁጥር ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ወር ውስጥ ነበር፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ እየቀነሰ ሄደ። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲብስበት ነውና። ከመጀመሪያው ክኒን በኋላ ያሉትን ሳምንታት ብቻ ያነበበ ተመራማሪ የማዕበሉን ቁልቁለት እንጂ አናቱን አያይም። ይህ ግን የ2004ቱን ውጤት አያፈርስም፤ በዚያ ጥናት መድኃኒትና ማስመሰያ በዕጣ የተደለደሉ ናቸውና የሕመሙ ክብደት በሁለቱም ወገን አንድ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ራሱስ ጉዳት አስከተለ? በ2007 ሮበርት ጊበንስና ባልደረቦቹ፣ በአሜሪካ ለወጣቶች የሚታዘዘው መድኃኒት መቀነሱንና ከ2003 ወደ 2004 የወጣቶች ራስን ማጥፋት በ14 በመቶ መጨመሩን አያይዘው ጻፉ። ተቺዎች ቀኖቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው መለሱ፦ የሐኪም ትእዛዙ በጉልህ የቀነሰው ሞቱ ከጨመረ በኋላ ነው። በ2014 ደግሞ ክርስቲን ሉና ባልደረቦቿ በ11 የጤና መድን ድርጅቶች መዝገብ ላይ ተመሥርተው፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ በታዳጊዎች ዘንድ ሙከራ ጨመረ አሉ። የሆስፒታሎቹ መዝገብ ግን የጉዳትን ምክንያት በሙሉ አይመዘግብም ነበር፤ ስለዚህ በአእምሮ መድኃኒቶች መመረዝን የሙከራ ምትክ አድርገው ቆጠሩ። መመረዙ በስህተት የደረሰ ይሁን ሆን ተብሎ የተፈጸመ፣ በዚያ መለያ ቁጥር ላይ አልተጻፈም። ክርክሩ በመጽሔቱ ገጾች ላይ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ፤ ማስጠንቀቂያውም እስከ ዛሬ በመግለጫው አናት ላይ፣ በሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ነው።