ዕድሜ ያልሆነው «ዕድሜ»፤ የሁለት የኒውትሮን ስሌት ስያሜዎች ታሪክ

ሙያዊ ቃል በሚተረጐምበት ጊዜ ከባዱ ሥራ አቻ ቃል ማግኘቱ ሳይሆን፣ ስያሜው በምን ምክንያት እንደ ተሰጠ መመርመሩ ነው። በኒውክሌር ማብላያ (ሪአክተር) ውስጥ የኒውትሮኖችን ጉዞ ለማስላት ከተፈጠሩት ስልቶች የሁለቱ ስያሜ ታሪክ ለዚህ ምስክር ይሆናል።

የመጀመሪያው የኤንሪኮ ፌርሚ ነው። ከዩራንየም አቶም መሰንጠቅ የሚወጡት ኒውትሮኖች እጅግ ፈጣኖች ናቸው፤ በአብዛኞቹ ማብላያዎች ሌላ አቶም በቀላሉ ይሰነጥቁ ዘንድ እንደ ውሃና ግራፋይት ካለ አዝጋሚ ቁስ ጋር እየተጋጩ መዝገም አለባቸው። ፌርሚ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን አዘጋገም የሚገልጽ ቀመር ሲያወጣ፣ ቀመሩ የሙቀት ሥርጭትን ቀመር መሰለ። በሙቀቱ ቀመር ጊዜ በሚገባበት ስፍራ የገባውም መጠን «ዕድሜ» ተባለ። ይሁን እንጂ መለኪያው ሴኮንድ ሳይሆን ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ኒውትሮኑ ከተወለደበት እስከ ዘገመበት ነጥብ ያለው ቀጥታ ርቀት በራሱ ተባዝቶ፣ አማካዩ ለ6 ሲካፈል የሚገኘው ነውና፤ በውሃ 27፣ በግራፋይት 360 ያህል ይሆናል።

ሁለተኛው ስልት የመነጨው በ1946 እ.ኤ.አ. ነው። ስታኒስላው ኡላም ከሕመም ሲያገግም ብቻውን ካርታ እየተጫወተ ሳለ፣ ጨዋታው የሚሳካበትን ዕድል በቀመር ከመፈለግ ይልቅ ደጋግሞ ተጫውቶ የተሳካውን መቁጠር እንደሚቀል ተገነዘበ። በ1947 ጆን ፎን ኖይማን ሐሳቡን ለኒውትሮን ስሌት አዋለው። የእያንዳንዱ ኒውትሮን ዕጣ፣ መጋጨቱም ሆነ መዋጡ፣ በዘፈቀደ ቁጥር እየተወሰነ ይቈጠራል። ስሌቱም በ1948 ኤኒያክ በተባለው ኮምፒዩተር ተሠራ። «ሞንቴ ካርሎ» የሚለውን ስም ያወጣው ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ነው፤ ከዘመድ እየተበደረ በዚያ ቁማር ለመጫወት ይሄድ የነበረውን የኡላምን አጎት አስታውሶ ነበር።

«ሞንቴ ካርሎ» የቦታ ስም ስለ ሆነ ማንንም አያሳስትም፤ እንዳለ ቢወሰድ ይበቃል። «ዕድሜ» ግን ያሳስታል። ኒውትሮን ከመወለዱ እስኪዋጥ ወይም እስኪያመልጥ ድረስ በሴኮንድ የሚለካ እውነተኛ ዕድሜም አለውና፤ የማብላያው ኃይል የሚለዋወጥበት ፍጥነት ሲሰላ የሚገባው ይህኛው ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ መጽሐፍ ተማሪውን ስፋትን በጊዜ ፋንታ እንዲያስገባ ያደርገዋል። ስለዚህ «ዕድሜ» ለሁለተኛው ተጠብቆ፣ የፌርሚው መጠን «የዝግመት ስፋት» ቢባል የተሻለ ይመስለናል።